ለሾፌራችን የመረጥኩት ስጦታ

የሰርቪሳችን ሾፌር ጡረታ ሊወጡ ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ሲቀራቸው የሽኝት ኮሚቴ ተብለን ሦስት ሰዎች ተመረጥን። አንዱ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ነው፣ አንዷ የአለቃችን ጸሐፊ፣ ሦስተኛዋ እኔ። የሠራተኛ ማህደር የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ሰው ጡረታ በወጣ ቁጥር ኮሚቴ ውስጥ መግባቴ አይቀርም። መሥሪያ ቤታችን ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ያለ ትንሽ መሥሪያ ቤት ነው። ጠዋት ከየሰፈራችን ለቅሞ የሚያመጣን፣ ማታ የሚመልሰን አንድ አውቶቡስ ብቻ ነው ያለን። አውቶቡሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ ሾፌሩ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ «ጋቢ ይበቃል» አለ። ጸሐፊዋ የግድግዳ ሰዓት አለች፤ ከዚያ በፊት ለተሸኙት ሁሉ የሰጠነው ሰዓት ነበር። እኔ ግን እሳቸውን እንዲሁ በዘልማድ መሸኘት አልፈለግኩም። ባለቤቴ ያረፈ ዓመት፣ ጨቅላ ልጄን ለሞግዚት ትቼ ከቤት መውጣት ሞት ሲሆንብኝ፣ እኚህ ሰው ማንንም ሳያስፈቅዱ መስመራቸውን ለውጠው ደጃፌ ድረስ እየመጡ ወስደውኛል። ጥሩንባ እንኳ አያሰሙም ነበር። ሞተሩን አጥፍተው እስክወጣ ይጠብቁኛል። ከኋላ የሚያጉረመርም ካለ «የቸኮለ በባጃጅ ይሂድ» ይሉ እንደነበር የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ስለዚህ «ቆይ፣ ምን እንደሚፈልጉ እኔ በዘዴ ልጠይቃቸው» ብዬ ጉዳዩን ወደ ራሴ ወሰድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጋቢና ገባሁ። እዚያ ሰው አይቀመጥም ነበር፤ ቦርሳቸው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውና የውኃ ጠርሙሳቸው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ዕቃቸውን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩ። እሳቸው ሲነዱ መዝሙር የማንጎራጎር ልማድ አላቸው፤ አንዳንዴ በአማርኛ፣ አንዳንዴ በሲዳሙ አፎ። ዝማሬያቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅኩና ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ሲሸኙ ምን ቢሰጥዎ ደስ ይልዎታል?»

ሳቁ። «ሰዓት ብቻ እንዳይሆን። ከእንግዲህ ለማን ብዬ ነው ሰዓት የማየው?»

«እሺ፣ ሌላስ?»

«ድሮ በዓመት አንድ ቀን ሁላችሁንም ከነልጆቻችሁ ጭኜ ወንዶ ገነት ፍል ውኃ እወስዳችሁ ነበር። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ነው። ልጆቹ እየዘፈኑ ይሄዳሉ፣ ተኝተው ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ እንደዚያ ልንዳችሁና ልሰናበት።»

ለኮሚቴው ስነግር ጸሐፊዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊም «ይሄ ነው ስጦታ ማለት» አለ። አለቃችን ፈቀዱ። ቀኑ ከፍቼ ጨምበላላ፣ ከሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል በኋላ ባለው ቅዳሜ ሆነ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈና ሰው ከነቤተሰቡ ይመዘገብ ጀመር። የመጀመሪያውን መስመር የያዝኩት እኔ ነኝ፤ የራሴንና የሰባት ዓመቷን ልጄን ስም ጻፍኩ። ከስሜ ሥር መዝገብ ቤት የምትሠራው ጓደኛዬ መንታ ልጆቿን አስገባች። በሁለት ቀን ውስጥ አሥራ አራት ልጆች ተመዘገቡ። ባለፍኩ ቁጥር ወረቀቱን እያየሁ ራሴን አመሰግን ነበር።

ጨዋታቸው ስለጣመኝ ከዚያ በኋላም ጋቢናውን አልለቀቅኩም። አራተኛው ቀን ይመስለኛል። ጠዋት ነው፣ ፀሐዩ ገና አልበረታም፤ ሰው ሁሉ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቷል። ከቀኝ በኩል ካለው የውስጥ መንገድ አንድ ሰው ብስክሌቱ ላይ ጎመን ቆልሎ ብቅ አለ። ረጋ ብሎ ነው የመጣው። እኔ ከሩቅ አይቼዋለሁ፤ እሳቸውም ያዩት መስሎኝ ወሬዬን ቀጠልኩ። ፍጥነታቸውን አልቀነሱም። ሰውዬው ወደ አስፋልቱ ገባ፤ እኛም እንሄዳለን።

«ጋሼ፣ ብስክሌት!»

«የት?» አሉ።

ፍሬን ያዙ። ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ፊት ተንገዳገደ። ብስክሌቱ ከአፍንጫችን ሥር አለፈ፤ ሰውዬው ዞሮ ተሳደበና ጎመኑን አስተካክሎ ሄደ።

«አይቼዋለሁ እኮ» አሉ ወዲያው። «እነዚህ ብስክሌቶች አይቻሉም።»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፣ ጨዋታው ቀጠለ። እኔ ግን «የት?» ያሉት ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረ። ብስክሌቱ ፊት ለፊታችን ነበር። ፊታቸውን አየሁት። መሪውን አጥብቀው ይዘዋል፤ ላባቸው ከግንባራቸው እስከ ጉንጫቸው ወርዷል።

ያን ቀን ሥራ መሥራት አቃተኝ። ተሳስቼ ይሆናል፣ ሰው ሐሳብ ይዞት ሊሆን ይችላል እያልኩ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። ከሰዓት በኋላ የጡረታ ደብዳቤያቸው ተፈርሞ ስለነበር ወጪ መዝገብ ላይ አስፍሬ ወሰድኩላቸው። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ከቀኛቸው ቆሜ ደብዳቤውን ዘረጋሁላቸው፤ እጄ አጠገባቸው እያለ አልተቀበሉኝም። «ጋሼ» ስላቸው ነው ራሳቸውን ከነትከሻቸው አዙረው ያዩኝ። ወረቀቱን ተቀብለው አፍንጫቸው ሥር አደረጉት፣ አራቁት፣ መልሰው ሰጡኝ።

«አንቺ አንብቢልኝ፤ መነጽሬን ቤት ትቻለሁ።»

መነጽር አድርገው አይቻቸው አላውቅም።

አነበብኩላቸው። «ላበረከቱት የረዥም ዘመን አገልግሎት» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። እሳቸው በሽኝቱ ተነክቼ መስሏቸው «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። ሻይ ብርጭቋቸውን ሊያነሱ እጃቸውን ሲሰዱ ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ ነኩ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን በጣታቸው ዳብሰው አገኙት።

እንግዲህ አወቅኩ። ካወቅኩ በኋላ ያደረግኩትን ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው፤ ዝም አልኩ። ለአለቃችን ብናገር ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በውርደት ከመሪው ላይ ሊነሳ ነው። ከበረታም ቅጣት፣ ምርመራ፣ የጡረታቸው ጉዳይ መጓተት ሊመጣ ይችላል፤ ማህደሩን የምይዘው እኔ ነኝና ይህን አውቃለሁ። ባልናገር ደግሞ በየቀኑ ከሃያ በላይ ሰው፣ ቅዳሜ አሥራ አራት ልጆች። ሁለቱን እያመዛዘንኩ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፣ እግዚአብሔር ይጠብቀናል አልኩ። እኔም እረዳቸዋለሁ አልኩ።

ያን ጊዜ ነው ዓይናቸው መሆን የጀመርኩት። በግልጽ አልነግራቸውም፤ ወሬ አስመስዬ ነው። «ያቺ ጃንጥላ የያዘች ሴትዮ ልትሻገር ነው መሰለኝ» እላለሁ። «ይሄ ባጃጅ ደግሞ በቀኝ ሊቀድመን ነው፣ እብድ» እላለሁ። «የጋሪው ፈረስ ሲያሳዝን» እላለሁ። እሳቸው «እህ» ይላሉ፣ ፍሬን ይነካሉ፣ መሪውን ወደ ግራ ያዞራሉ። አንድም ቀን ለምን ትነግሪኛለሽ አላሉም። መዝሙር ማንጎራጎራቸውንም ተዉ። ከኋላችን የተቀመጠው ሰው ይስቃል፣ ስልክ ያወራል፣ ያንቀላፋል። እኔ እግሬ ወለሉን እየረገጠ፣ ዓይኔን ሳልነቅል መንገዱን አያለሁ። ልጄ ደግሞ ቤት ስገባ «ፍል ውኃው ያቃጥላል?» ትለኛለች። የዋና ልብሷን አውጥታ ወንበር ላይ ሰቅላዋለች። እሱን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ስንበላ የመዝገብ ቤቷ ጓደኛዬ «ምነው ከሳሽ?» አለችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «ቅዳሜ መንታዎቹ ካንቺ ልጅ ጋር ይቀመጣሉ» አለችኝና ሳቀች። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

የፍቼ ዋዜማ ደረሰ። ከሥራ ስንወጣ ከተማው በሰው ተሞልቷል። ከገጠርም ከከተማም የመጣው ሕዝብ እየጨፈረ ወደ በዓሉ ሜዳ፣ ወደ ጉዱማሌ ይተማል፤ ሽማግሌው በትሩን ይዞ፣ ሴቱ፣ ወጣቱ፣ ሕፃኑ በአባቱ ትከሻ ላይ። መንገዱ አልተዘጋም፤ ግን ሕዝቡ የእግረኛውን መንገድ ሞልቶ አስፋልቱ ላይ ፈሷል። ወደ ግራ እንዳናመልጥ ከፊት የሚመጣ መኪና አለ። እሳቸው ቀስ እያሉ ገቡበት። ጭፈራው ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ድምፅ ሰምተው እንኳ መለየት አልቻሉም።

በቀኛችን በኩል የሚሮጡ ልጆች የአውቶቡሱን ጎን በእጃቸው እየደበደቡ ያልፋሉ። ምን ብዬ ወሬ ላስመስል? ያኔ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ ከኋላ ያለው ሰው በማይሰማው ድምፅ፣

«ልጄ፣ የት ናቸው?» አሉኝ።

«በቀኝ፣ አንድ ክንድ ያህል» አልኩ። «ይቁሙ። ልጆቹ ይለፉ። አሁን ትንሽ ወደ ግራ። ይቁሙ፣ ይቁሙ። አንድ ልጅ አለ። አለፈ። አሁን ቀጥ ያድርጉ።» እንዲህ እያልኩ ያን መንገድ ጨረስነው። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም። ከኋላ ያሉት መስኮት ከፍተው እያጨበጨቡ ነበር።

ሌሎቹን ሁሉ አውርደን እኔ ብቻ ስቀር፣ ሰው የሌለበት ቦታ ላይ መኪናውን አቆሙልኝ። ወደ አሞራ ገደል የሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነው። ሞተሩን አጠፉ። ሁለታችንም ወደ ፊት እያየን ተቀመጥን።

«ቅዳሜ ልጄን ይዤ አልመጣም» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ስለምፈራ።»

«ቀኝ ዓይኔ ከጨለመ ዓመት አልፎታል» አሉ። «ፈቃዴን ያደስኩት ከዚያ በፊት ነው። ግራው ደህና ነበር፤ ዘንድሮ እሱም ጉም ለበሰብኝ። መንገዱን በልቤ አውቀዋለሁ። የማላውቀው ሰዉን ነው።»

«ለምን አልታከሙም?»

«ሐኪም ከነገረኝ እውነት ይሆናላ። ሠላሳ ዓመት ሰው ሳልነካ ነድቻለሁ፤ በየማታው ዛሬም አልነካሁም ብዬ ተንበርክኬ አመሰግናለሁ። ጠዋት ደግሞ ቁልፉን አንስቼ በፍርሃት መልሼ አስቀምጣለሁ። አንቺ ጎኔ ከተቀመጥሽ ወዲህ ነው ትንፋሽ ያገኘሁት።»

እረዳለሁ ብዬ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ ለካ በየቀኑ ቁልፉን የማስጨብጣቸው። እኔ ባልኖር ፍርሃታቸው ራሱ ያስቆማቸው ይሆናል። የነበራቸውን ፍርሃት ወሰድኩባቸው።

«ቅዳሜን ብቻ» አሉኝ። «አንቺ ጎኔ ሁኚ። ከቅዳሜ በኋላ መሪ አልይዝም።»

«አይሆንም ጋሼ።»

«አንድ ቀን ነው የለመንኩሽ።»

«አይሆንም። ከበዓሉ ማግስት እርስዎ ለአለቃችን ይንገሩ። ካልነገሩ እኔ እነግራለሁ።» ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። እኚህን ሰው እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ከዚህ በእግርሽ ትደርሻለሽ?» አሉኝ። ወረድኩ። በሩን ስዘጋ ዞረው አላዩኝም። አውቶቡሱን ወደ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ለማስገባት የቀራቸው አጭር መንገድ ነበር። እስኪታጠፉ ድረስ ቆሜ በዓይኔ ሸኘኋቸው፤ ጎናቸው ማንም አልነበረም። ወደ ቤቴ ስሄድ የሚጮህ ነገር በሰማሁ ቁጥር የፍሬን ድምፅ ይመስለኝና እቆም ነበር።

በዓሉ ዕለት ከቤት አልወጣሁም። ስልካቸውን ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፣ አይሠራም። በማግስቱ ጠዋት ፌርማታው ላይ ቆምኩ። አውቶቡሱ ዘገየ። አሥር ደቂቃ፣ ሩብ ሰዓት። አብረውኝ የቆሙት «ጋሼ በዓሉ አልወጣላቸውም» እያሉ ይቀልዳሉ። እኔ ግን አንድ ቦታ ሰው ተገጭቶ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ ይታየኛል። ከዚያ የባሰውም ታየኝ፤ ሰው ሲያፍር በራሱ ላይ የሚያደርገው ነገር። አውቶቡሱ ሲመጣ ከመሪው ላይ የተቀመጠው የአለቃችን ሾፌር ነው።

«ጋሼስ?» አልኩት።

«አለቃ ቢሮ ናቸው። ማልደው ነው የገቡት።»

ገባሁና ወንበር ያዝኩ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሁላችንም ስብሰባ ተጠራን። አለቃችን በአጭሩ ተናገሩ። ሾፌራችን ዓይናቸውን መታመማቸውን፣ ይህንንም ደብቀው መቆየታቸውን ራሳቸው መጥተው ማመናቸውን፣ የቀራቸውን ቀናት በዓመት ፈቃድ እንደሚጨርሱ ነገሩን። የቅዳሜው ጉዞ ተሰርዟል። «ማንም የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ነግረውኛል» ሲሉ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

መጀመሪያ የተናገረችው የመዝገብ ቤቷ ጓደኛዬ ናት። «ልጆቼን ሊገድልብኝ ነበር» አለች። አንቱ ማለቱን ትታዋለች። «እያወቀ፣ ልጆቼን።»

እዚያ ጋ ዝም ብል ማንም አይነካኝም ነበር። እሳቸው ሸፍነውልኛል። ተነሳሁ። «እኔ አውቅ ነበር» አልኩ። «አሥራ አንድ ቀን ሆኖኛል ካወቅኩ።» ሌላም ልል ነበር፤ እንዴት ጎናቸው እንደተቀመጥኩ፣ እንዴት እንደፈራሁ። ጓደኛዬ ዞራ ስታየኝ ግን ተቀመጥኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ደብዳቤውን ራሴ ማህደሬ ውስጥ አስገባሁት።

ጉዞው ስለተሰረዘ ስጦታ አልነበረንም። ሦስታችን እንደገና ተቀመጥን። እኔ «ዓይናቸውን እናሳክማቸው» አልኩ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ «ለዚህ ሰው?» አለ። ጸሐፊዋ «ሰዓት እንስጥ እንዳልል፣ የሚያዩበት ዓይን የላቸውም» አለችና አለቀሰች። እሱም ትንሽ ቆይቶ ተቃውሞውን ተወ። ከሠራተኛው ያዋጣም አለ፣ ያላዋጣም አለ፤ ያላዋጣውን አልጠየቅንም።

ሽኝቱ ቀን ሱፋቸውን ለብሰው ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ባለቤታቸው ክንዳቸውን ይዘዋል። ብዙ ወንበር ባዶ ነበር። ንግግር ያድርጉ ሲባሉ «ይቅር በሉኝ» ብቻ ብለው ተቀመጡ። የዓይን ክሊኒክ ቀጠሮ የያዘውን ወረቀት ሰጠኋቸው፤ ማንበብ ስላልቻሉ እኔው አነበብኩት። በሁለት እጃቸው ይዘው «ቀዶ ሕክምና አለው?» አሉኝ በቀስታ። አለው አልኳቸው። «እንግዲህ አሁን ደግሞ የምፈራው እኔ ነኝ» አሉ።

ሐኪሙ የቀኙ አይመለስም አለ፤ ነርቩ ሞቷል። የግራው ሞራ ነበርና ተገፈፈ። በቀዶ ሕክምናው ቀን ከባለቤታቸው ጋር ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ባለቤታቸው ሲጸልዩ እጄን ጨምድደው ይዘውኝ ነበር። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ በግራ ዓይናቸው የነርሷን ጣቶች ቆጠሩ። ማመን አቅቷቸው ደግመው ቆጠሩ።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቀን በእግራቸው መሥሪያ ቤት መጡ። ቢሮዬ ደርሰው ሰላም አሉኝና «መዝገብ ቤት የምትሠራዋ አለች?» ብለው ጠየቁኝ። መራኋቸው፤ በሩ ጋ ሲደርሱ «አንቺ ቆዪ» አሉኝ። ብቻቸውን ገቡ። ውጭ ቆሜ ከውስጥ ጩኸት እጠብቃለሁ። ምንም አልተሰማም። ትንሽ ቆይተው ወጡና፣ ግድግዳውን ሳይዙ፣ ኮሪደሩን ይዘው ሄዱ።

እሷ ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራ ነበር። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኳትም። ከስብሰባው ቀን ጀምሮ ዘግታኝ ነበር፤ ከእኔ ጋር ምሳ መብላት እንደገና አልጀመረችም፤ ጠዋት ግን ሰላምታዬን ትመልሳለች።